1856፦ የአማቴ ቅድመ አያት እናት በረዶ ላይ ተንበርክካ ሞተች ይባላል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ግን ስሟን አያውቀውም

ሸገር_በዩታ
እሑድ ማታ

ሰላም ቤቶች። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሶልት ሌክ ሲቲ ከገባሁ 14 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ከድሮ የሞርሞን ቤተሰብ (አሜሪካ ውስጥ የተነሣ የክርስትና ወገን ነው)። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷም በእምነቷ አለች፣ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። የሚያጣላን ቡና ነው። ለእነሱ ክልክል ስለሆነ አማቴ ቤት ስናድር ጀበናዬ መኪና ውስጥ ታድራለች።

አማቴ 85 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አወጡና ፊቴ አስቀመጡት። "እናንተ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ ብለኸኝ ነበር። እስቲ ይቺን ሴት አግኝልኝ" አሉኝ። ቆጠርኩ። ከሴትዮዋ እስከ ልጄ ድረስ ልክ ሰባት ቤት ነው። (ምንዥላት ትባል እንጅላት እኔ አላውቅም፤ ታላላቆች አርሙኝ።)

ሣጥኑ ውስጥ የአማቴ እናት በእጃቸው የጻፉት ሁለት ገጽ አለ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ፕሬስተን፣ እንግሊዝ አገር፣ የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ሞርሞን ሆነች። ወደ "ጽዮን" ለመሄድ፣ ማለትም አሁን እኔ ታክስ የምከፍልበት ከተማ ለመድረስ፣ ዓመታት ጠበቀች። በ1856 ከባሏና ከ7 ዓመት ሴት ልጇ ጋር መርከብ ተሳፈረች። ከዚያ የእጅ ጋሪ እየጎተቱ በእግር። ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ያዛቸው። ሮኪ ሪጅ የሚባል አቀበት ላይ የምግብ ድርሻዋን ለልጇ ሰጥታ፣ ተንበርክካ ስትጸልይ ደርቃ ተገኘች። ሮክ ክሪክ ላይ በጅምላ ከተቀበሩት አንዷ ናት። ልጅቷ ተርፋ የዚህ ሁሉ ቤተሰብ እናት ሆነች። ቤተሰቡ ይህንኑ በነሐስ አስቀርጾ አንድ የመቃብር ቦታ ላይ አቁሞታል።

አሁን ችግሩ። ባለፈው በጋ አማቴን ይዘን ሮክ ክሪክ ድረስ ነዳን። የሟቾቹ ስም ድንጋይ ላይ አለ። የሷ የለም። አማቴ ድንጋዩን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ወደ መኪና ተመለሱ።

እዚህ ቤት መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከየት ልጀምር? ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።


መዝገብ_አገላባጭ
እሑድ ሌሊት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ታሪኩን ከመዝገቡ ለይ። ሁለቱ ገጽ የተጻፈው መቼ ነው? የጻፉት ሴት ያቺን የ7 ዓመት ልጅ በዓይናቸው አይተዋታል?

ሌላው፣ "ዊሊ" ወይም "ማርቲን" የሚል ስም ወረቀቱ ላይ አለ? በዚያ ዓመት አምስት የእጅ ጋሪ ጉዞ ነበር። ሦስቱ በሰላም ገቡ። በረዶ የያዛቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ አንዱን ጀምስ ዊሊ መራው፣ አንዱን ኤድዋርድ ማርቲን። ሮኪ ሪጅና ሮክ ክሪክ የዊሊ ታሪክ ነው። የማርቲኖቹ መከራ የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ወደ ምሥራቅ፣ ኖርዝ ፕላት ወንዝ ላይ ነው፤ ዛሬ ካስፐር የሚባለው ከተማ አጠገብ። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ሁልጊዜ ያደባልቃሉ።

ፕሬስተን ስትል ጆሮዬ ቆሟል። ኤድዋርድ ማርቲን ራሱ የፕሬስተን ልጅ ነው።


ቆሎ_ተማሪ
ሰኞ ጠዋት

ይቅርታ ግን ይህ ቤት የሐበሻ ነው መሰለኝ። የሞርሞን ገድል እዚህ ምን ይሠራል? ደግሞ ሰውየው ሰባተኛ አያትን "እሷ" እያለ። አንቱ በላቸው እንጂ።


አስተናባሪ
ሰኞ ጠዋት

የሐበሻ አማች የሐበሻ ጉዳይ ነው። ይቀጥል።


ሸገር_በዩታ
ሰኞ ከሰዓት

@ቆሎ_ተማሪ "እሷ" ያልኩት በንቀት አይደለም። በወረቀቱ መሠረት ስትሞት 40 ዓመቷ ነው። እኔ 47 ነኝ። ታናሼን አንቱ ማለት ከበደኝ።

@መዝገብ_አገላባጭ ገጾቹ የተጻፉት በ1950ዎቹ ነው። የጻፉት የአማቴ እናት ያቺን ልጅ አውቀዋታል፣ አያታቸው ናት። በእርጅናዋ አብረው ኖረዋል። የመሪ ስም የለም። "ሮኪ ሪጅ" የሚለው ግን አለ። አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። የአያትየዋ የራሷ ቃል ተብሎ በጥቅስ የተቀመጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ "ወላጆቼ በበረዶው ቀሩ።" የቀረው ሁሉ የጸሐፊዋ ነው።


መዝገብ_አገላባጭ
ሰኞ ማታ

ይኸው! ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ወርቅ ያዛት። "ወላጆቼ" ነው ያለችው፣ "እናቴ" አይደለም። ሮኪ ሪጅም አላለችም። ተንበርክካም አላለችም።

አሁን መርከቡን ፈልግ። ዊሊዎቹ የተጫኑት "ቶርንተን" በሚባል መርከብ ነው፣ ከሊቨርፑል ግንቦት 4 ቀን ተነሥቶ ኒውዮርክ ገባ። 764 ሰው ነበረበት። አብዛኞቹ ማርቲኖች ደግሞ "ሆራይዘን" በሚባለው፣ ግንቦት 25 ተነሥቶ ቦስተን የገባው። እዚያ 856 ነበሩ። የሁለቱም የተሳፋሪ ዝርዝር አለ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ አንዳንዴም ያስያዙት ገንዘብ። ሞርሞኖች ሲጽፉ አይታሙም። ሶልት ሌክ አጠገብ ተራራ ፈልፍለው የማይክሮፊልም ጎተራ ሠርተዋል። አንተ እዚያው ከተማ ሆነህ እኔን ስትጠይቀኝ ትንሽ ቀናሁ። መሃል ከተማ ያለው የፋሚሊሰርች የዘር ሐረግ ቤተ መጻሕፍት ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ። አረጋውያን በጎ ፈቃደኞች ተቀምጠው ያግዙሃል።

የእንግሊዝን የሕዝብ ቆጠራም እይ፣ የ1841 እና የ1851። የ1841ን ዕድሜ ግን አትመን። ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወደ አምስት ቤት እንዲያወርዱ ታዘው ነበር። 29 የሆነችው 25 ተብላ ትጻፋለች። የ1851ዱ ይሻላል፣ የተወለዱበትን አጥቢያም ይጠቅሳል።

ስሙንም አጣመህ ፈልግ። ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፣ የላንክሻየር ሰው ደግሞ "ህ"ን ይውጣል። "ፀሐይ" የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በአምስት ዓይነት የምንጽፍ እኛ ይህ አይገርመንም።


ዴንቨር_ነኝ
ሰኞ ማታ

እኔ ይህን ታሪክ የማውቀው በጭነት መኪና ነው። ዋዮሚንግን በወር ሁለቴ አቋርጣለሁ። በጥቅምት እዚያ ጎማ የቀየረ ሰው ይገባዋል። አገራችን "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ቀልድ ነው።

ማርቲኖቹ ከበረዶው የተጠለሉበት ማርቲንስ ኮቭ ላይ ጉብኝት አለ፣ ጋሪ ያስጎትቱሃል። እዚያ የሚነገር አንድ ታሪክ ልጨምር። ሦስት የ18 ዓመት ልጆች ስዊትዋተር የሚባለውን በረዷማ ወንዝ ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ተሸክመው አሻገሩ፤ በዚያው ብርድ ምክንያት ሦስቱም ሞቱ ይባላል። ለመቶ ዓመት እንዲህ ተብሎ ተሰበከ። በኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያኗ የታሪክ ሰው ሲያጣራ፣ ያሻገሩት ከሦስት በላይ ናቸው። ልጆቹም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖረዋል። ጀግንነታቸው ሐሰት አይደለም። ሞታቸው ግን ለስብከት እንዲያምር ተብሎ ወደ ፊት መጥቷል።

የአማትህ ታሪክም እንዲህ እንዳይሆን እሰጋለሁ።


የደንቢያው_ልጅ
ማክሰኞ ጠዋት

ከነታንያ፣ ከእስራኤል ነኝ። ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ፣ ግን "ጽዮን" እና "በእግር" ስትሉ አላስቻለኝም።

እናንተ 1856 ትላላችሁ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1862፣ የእኛዎቹም ተነሥተው ነበር። አባ ማሃሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ከለንደን የመጡ ሚስዮኖች በሃይማኖት ሲያስጨንቋቸው ሁለት ዓመት ሆኗል። ሰዉ ከደንቢያና ከአካባቢው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ጊዜ ይከፈልልናል ብለው ነበር። ባሕሩን አላዩትም። ትግራይ፣ አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው። የተረፈው ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተመለሰ።

በአባቴ በኩል ከዚያ ጉዞ ያልተመለሰ ሰው አለን። የምናውቀው ስሙንና "ከአባ ማሃሪ ጋር ሄደ" የሚለውን ብቻ ነው። የመርከብ ዝርዝር የለ፣ ቆጠራ የለ። ቄሱ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስሙን ይጠሩታል፣ ያ ነው መዝገባችን። ስለዚህ ሸገር ወንድሜ፣ ወረቀት አለህና አታማር።


ሸገር_በዩታ
ማክሰኞ ከሰዓት

@የደንቢያው_ልጅ አላማርርም። ይህን ለአማቴ ተርጉሜ ነገርኳቸው። "ባሕሩ ይከፈላል ብለው ነው የወጡት?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "የኛዎቹም በረዶው ይያዝልናል ተብለው ነበር" አሉ።

ይህ እውነት ነው እንዴ?


መዝገብ_አገላባጭ
ማክሰኞ ማታ

እውነት ነው። ይህ የታሪኩ አስቀያሚ ክፍል ነው።

የእጅ ጋሪው ሐሳብ የሞርሞኖቹ መሪ የብሪገም ያንግ ነው። በሬና ሠረገላ ውድ ስለነበር ድሃው ምእመን በርካሽ እንዲመጣ ተብሎ ነው። ለአንድ አዋቂ የተፈቀደው ጓዝ 17 ፓውንድ፣ ስምንት ኪሎ የማይሞላ። ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሁሉም በዚያ ውስጥ። እነዚህ ሁለቱ ቡድኖች አዮዋ ሲቲ ሲደርሱ ጋሪው አልተሠራም። ያልደረቀ እንጨት ነው የጠረቡላቸው፤ በረሃው ሲነካው ተኮማትሮ ተሰነጠቀ።

ዛሬ ኦማሃ ውስጥ ያለው ፍሎረንስ ሲደርሱ ነሐሴ ነበር። እንቀጥል ወይስ እንክረም ተባለ። ሌቪ ሳቬጅ የሚባል አንድ የዊሊ ቡድን ኃላፊ ተነሥቶ እያለቀሰ ተናገረ፦ ሽማግሌና ሕፃን ይዘን ከሄድን ይሞታሉ አለ። ተገሠጸ፣ እምነት የጎደለው ተባለ። ሕዝቡ እንሂድ ብሎ እጅ አወጣ። እሱም አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ካስፈለገም አብሬ እሞታለሁ አለ። ሄደም፤ አልሞተም። የቀን ማስታወሻውም አለ፣ ማንበብ ትችላለህ።


ነርሷ_እህታችሁ
ረቡዕ ሌሊት (ተረኛ ነኝ)

እኔ በሙያዬ አንድ ነገር ልበል። ሴትዮዋ ድርሻዋን ለልጇ ሰጠች የሚለውን ለማመን አይከብደኝም፣ እናት ናት። ነገር ግን በሁለቱ ጉዞ ማን በብዛት እንደሞተ አያችሁ? ወንዶች ናቸው። በዊሊ ቡድን ላይ በተሠራ ጥናት ወንዶች ከሴቶች አብልጠው አልቀዋል። ጋሪውን ይጎትታሉ፣ ሌሊት ይጠብቃሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሰውነታቸው ላይ ስብ የለም። ሮክ ክሪክ ላይ እንኳ 13ቱ ከተቀበሩ በኋላ የሞቱት ሁለቱ፣ መቃብሩን ሲቆፍሩ የነበሩ ናቸው ይባላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ባልየውን እፈልጋለሁ። እሱ የት ሞተ?

ምግቡን ደግሞ አስቡት። ማርቲኖች በክፉው ሰዓት ለአንድ አዋቂ በቀን አራት አውንስ ዱቄት ነበር የሚሰጣቸው፣ ለልጅ ሁለት። አራት አውንስ 113 ግራም ነው። 400 ካሎሪ ገደማ።


ሸገር_በዩታ
ሐሙስ ማታ

@ነርሷ_እህታችሁ ያልሽውን ለባለቤቴ ስነግራት ሚዛን አወጣች። 113 ግራም ዱቄት መዝና በውሃ ለወሰች፣ እኔ ምጣድ ላይ ጣልኩት። የመዳፌን የምታህል ቂጣ ወጣች። ልጄ ስንወያይ በላቻትና "ሌላስ?" አለች። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

አሁን ዜናው። ዛሬ ፈቃድ ወስጄ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። አንዲት የሰማንያ ዓመት በጎ ፈቃደኛ አጠገቤ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት አገዙኝ። "ቶርንተን" ላይ የለችም። "ሆራይዘን" ላይ፣ የቤተሰቡ ስም በሁለት ፊደል ተዛብቶ፣ ሦስቱም አሉ። ባል፣ ሸማኔ። ሚስት፣ ሸማኔ፣ 41። ልጅ፣ 7። ማርቲን ናቸው። መዝገብ_አገላባጭ፣ ጆሮህ ይባረክ።

የጉዞው የሟቾች ዝርዝር ላይ ባልየው አለ፤ ኖርዝ ፕላትን ከተሻገሩ በኋላ። እሷ የለችም። እዚያ ነው ያቆምኩት፣ ይዘጋል አሉን።


መዝገብ_አገላባጭ
ሐሙስ ሌሊት

ሸገር፣ ተረጋግተህ ስማ። የሟቾች ዝርዝር ላይ ከሌለች፣ ደርሳለች ማለት ሊሆን ይችላል።

የኖርዝ ፕላቱን ልንገርህ፣ ለአማትህ ስትነግራቸው ይጠቅምሃል። ጥቅምት 17 ቀን ሰዉ ደክሟል፣ ከብቱ ከስቷል፣ ጓዝ ቀንሱ ተባለ። ለአዋቂ 10 ፓውንድ፣ ለልጅ 5። ትርፍ ልብስና ብርድ ልብስ ተከምሮ ተቃጠለ። ጥቅምት 19 ወንዙን በእግር ተሻገሩ። ከወንዙ ሲወጡ በረዶው ጀመረ። በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 1849 መሆኑ ነው። ብርድ ልብሱን ያቃጠሉት ከሁለት ቀን በፊት!

ሶልት ሌክ ላይ ብሪገም ያንግ እነዚህ ሰዎች መንገድ ላይ መሆናቸውን የሰማው ጥቅምት 4 ነው። በማግስቱ ጉባኤ ላይ ስብከቱን ትቶ በቅሎ፣ ሠረገላና ዱቄት ጠየቀ። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አዳኞች ወጡ። ማርቲኖችን ያገኟቸው ግን ጥቅምት 28 ነው። ከወንዙ በኋላ ዘጠኝ ቀን። ከተማ የገቡት ኅዳር 30፣ እሑድ ቀን። ያንግ ለጉባኤተኛው ያለው ነገር ይገርመኛል፦ ጸሎት ጥሩ ነው፣ አሁን የሚያስፈልገው ግን የተጠበሰ ድንችና ወተት ነው፣ ሂዱና ተቀበሏቸው ብሎ አሰናበታቸው። በየቤቱ ተከፋፈሉ።

"ተከፋፈሉ" የሚለውን ልብ በል። ልጅቷና እናቷ አንድ ቤት ላይሆን ይችላል የገቡት።

የከተማውን የመቃብር ጠባቂ መዝገብ እይ። ስሙን መርከቡ ላይ ባገኘኸው በተጣመመው አጻጻፍም ፈልግ።


ቆሎ_ተማሪ
ዓርብ ጠዋት

ሰኞ ያልኩትን መልሼ እውጣለሁ። አራት ቀን ሥራ አስፈታችሁኝ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለክርክር አይደለም። መሪዎቹ አስተው ወሰዷቸው፣ ሕዝቡ ሞተ። አሁን የልጅ ልጆቻቸው በዓል ያደርጉታል፣ ጋሪ ይጎትታሉ። አይቆጡም?


የደንቢያው_ልጅ
ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ

@ቆሎ_ተማሪ እኔ አባ ማሃሪን ልቆጣቸው ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ባይሞክሩት ኖሮ አባቴ ኢየሩሳሌም የሚባል ነገር በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው ብሎ አያምንም ነበር። በ1984 ወደ ሱዳን ስንነሣ ሽማግሌዎቹ እሳቸውን ነበር የሚጠቅሱት።

እኔ ያኔ 6 ዓመቴ ነበር። አክስቴ ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ ሞተች። በመንገድና በሱዳን ወደ 4,000 ሰው ቀርቷል፣ ኸርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። ጎንደር ለቀረችው አያታችን ግን ማንም እውነቱን አልነገራትም። በ1991 በአውሮፕላን ስትመጣ "ኢየሩሳሌም ደርሳ ነው የሞተችው" አሏት። ደስ ብሏት አለቀሰች። እስክትሞት ድረስ እንደዚያ ነው የምታውቀው።

የእናንተዋ ተገላቢጦሽ ትሆን? ደርሳ፣ አልደረሰችም የተባለች?


ሸገር_በዩታ
ሰኞ ማታ

@የደንቢያው_ልጅ ወንድሜ፣ ልክ እንዳልከው ነው።

አንድ መስመር ነው። የመቃብር ጠባቂው መዝገብ ላይ፣ በዚያ ክረምት መጨረሻ። ስሟ፣ ከእንግሊዝ፣ ከእጅ ጋሪዎቹ። የሞት ምክንያት እግሯን ብርድ በልቶት የመጣ ቁስል። የመቃብር ቁጥር አለ። ከአማቴ ቤት በመኪና 20 ደቂቃ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ በር ሲያልፉ ኖረዋል።

ልጅቷን ደግሞ አገኘናት። ከከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ላይ ሌላ ቤተሰብ ወስዷታል። እናትየው ሶልት ሌክ ውስጥ፣ በማታውቀው ሰው ቤት፣ በማታውቀው ሰው አልጋ ላይ ከርማ ሞተች። ልጅቷ እንደገና ማየቷን የሚናገር ነገር የለም። በልጅቷ ዓይን እናቷ የቀረችው ሠረገላው የለያቸው ቀን ነው። መሬቱ በረዶ ነበር። "ወላጆቼ በበረዶው ቀሩ።" አልዋሸችም እኮ።

ለአማቴ የነገርኩት ቅዳሜ ነው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አላላቸውም። መጀመሪያ ተቆጡ፣ በእኔ ነው የተቆጡት። "ታዲያ መጨረሻዋ ላይ አልጸለየችም?" አሉኝ። እኔ ምን ልበል፣ መዝገቡ ስለ ጸሎት አንድም ቃል የለውም አልኳቸው። ወደ ጓዳ ገቡ። ባለቤቴ በዓይኗ ገደለችኝ።

ማታ ላይ ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ። "ከተማ ከገባች በኋላ ስንት ጊዜ ኖረች?" አሉ። ከገባች ሦስት ወር ሳይሞላት ነው የሞተችው አልኳቸው። "እግሯን ያጠበላት ሰው ነበር ማለት ነው" አሉ። ከዚያ የዚያን ቤት ሰዎች ስም እንድፈልግ አዘዙኝ። ሌላ ሥራ!


ነርሷ_እህታችሁ
ሰኞ ሌሊት

አለቀስኩ፣ ተረኛ ሆኜ። ያ ቁስል በየቀኑ መታጠብ አለበት፣ ሽታውም ከባድ ነው። ለሦስት ወር ያን ያደረገ ሰው ስሙ ይገኝ። አማትህ ትክክል ናቸው።


ዴንቨር_ነኝ
ማክሰኞ ጠዋት

የነሐሱስ ጽሑፍ ምን ይሆናል? "ሮኪ ሪጅ ላይ" የሚለው ስሕተት ሆኖ ሊቀር ነው?


ሸገር_በዩታ
ማክሰኞ ማታ

እሱ ላይ ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። የባለቤቴ አጎት "ሰባ ዓመት የቆመ ነገር አይነካም" ይላሉ። የአጎት ልጆች ይነሣ ይላሉ። አማቴ በመሃል አንድ ነገር ወሰኑ፤ ነሐሱ ባለበት ይቆይ፣ መቃብሯ ላይ ግን አዲስ ድንጋይ ይቁም፣ የባሏም ስም ይግባበት። እሱን ማንም አስታውሶት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ "ባሏ" ብቻ ነው የሚለው። ጋሪውን የጎተተው እኮ እሱ ነው።

ድንጋዩ እስኪቀረጽ ቅዳሜ እንሄዳለን። አማቴ እናንተ ለሙታን ምን ታደርጋላችሁ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ተዝካር ነገርኳቸው። ጠላው አይሆንም፣ ቡናውም አይሆንም፣ ዳቦው ይሁን አሉ። ድፎ ልጋግር ነው። ከሰው ተርፎ ለጎረቤት የሚበቃ ይሁን ብለዋል፣ ግራም እንዳትመዝን ብለውኛል።


የደንቢያው_ልጅ
ማክሰኞ ሌሊት

የባልየውን ስም በግል መልእክት ላክልኝ፣ የሷንም። ሰንበት እኔም እጠራቸዋለሁ።


መዝገብ_አገላባጭ
ረቡዕ ጠዋት

ድንጋይ ቀራጩ ጋ ከመሄድህ በፊት የስሙን አጻጻፍ ከ1851ዱ ቆጠራ ጋር አስተያየው። የመርከቡን አጻጻፍ እንዳትሰጠው፣ ሁለት ፊደል ይሳሳታል። የአስተናጋጆቹን ቤት ደግሞ በ1860 ቆጠራ ጀምር፣ ሰፈሩን ካወቅነው ሰዎቹ ከዚያ ብዙም አይርቁም።